«ተናግሬ ነበር እኮ» ላለማለት፦ አካል ጉዳት ያለበት ሰው ሆስፒታል ሲተኛ ፍላጎቱን የሚያስረዳበት መንገድ

ጥያቄው በተለያየ መልክ ይመጣል። «እናቴ አትሰማም፤ ሐሙስ ለኦፕራሲዮን ትተኛለች፤ ለማን ነው የምንናገረው?» «አባቴ ስትሮክ ከመታው ወዲህ አንደበቱ ተይዟል፤ ሐኪሞቹ እኔን ብቻ ነው የሚጠይቁት።» «ዊልቸሬን ኮሪደር አውጥተውብኝ አልጋ ላይ ቀረሁ።» መልሱ ለሁሉም ያው ነው፦ ለአንድ ሰው በቃል መንገር አይበቃም። ካርድ ክፍል የነገሩት ልየታ ክፍል አይደርስም፣ ልየታ ላይ የነገሩት ዋርድ አይገባም፣ የቀኗ ነርስ የሰማችውን የሌሊቷ ላትሰማ ትችላለች። ፍላጎትዎ በወረቀት ተጽፎ ከቻርትዎ (ከሕክምና መዝገብዎ) ጋር መዞር አለበት፤ አንድ ቅጂ ደግሞ ከአልጋዎ በላይ መለጠፍ አለበት።

መመሪያው በኢትዮጵያ ሆስፒታል ለሚተኛ ሰውና ለአስታማሚው ነው። ውጭ አገር ላላችሁ መጨረሻ ላይ ትንሽ አለ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ኤ4 ወረቀት፣ 4 ቅጂ፦ ለቻርት፣ ለአልጋ ራስጌ፣ ለአስታማሚ፣ ለመጠባበቂያ
- ወፍራም ጥቁር ማርከር፤ እስክሪብቶ ከሁለት ሜትር አይነበብም
- ወረቀቱ ውሃና አዮዲን እንዳይነካው የላስቲክ ማስገቢያ፣ ለመለጠፊያ ፕላስተር
- ማስታወሻ ደብተርና በክር የታሰረ እስክሪብቶ (ያልታሰረ እስክሪብቶ ዋርድ ውስጥ አንድ ቀን አያድርም)
- የሚወስዷቸው መድኃኒቶች በሙሉ ከነካርቶናቸው፣ በአንድ ከረጢት
- የመጥሪያ ደወል የሌለበት ዋርድ ብዙ ስለሆነ ትንሽ ደወል፣ ወይም ሳንቲም የተጨመረበት ባዶ የውሃ ላስቲክ
- ለማይሰማ ሰው የእጅ ባትሪ፤ የማዳመጫ መሣሪያ ካለው መለወጫ ባትሪ
- ለማያይ ሰው የገንዘብ ላስቲክ፣ 10 ያህል

1. የጉዳቱን ስም ሳይሆን የሚደረገውን ይጻፉ

«መስማት የተሳናት» ብሎ መጻፍ ነርሷን ምን እንድታደርግ አይነግራትም። አብዛኛው ሰው ያን ሲያነብ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ ለማይሰማ ሰው መጮህ ደግሞ የከንፈርን ቅርጽ ከማበላሸት በቀር ጥቅም የለውም። «ፊት ለፊቷ ቆመው፣ ማስክዎን ዝቅ አድርገው፣ ቀስ ብለው ይናገሩ» ብለው ሲጽፉ ግን ሥራው ይታወቃል።

እያንዳንዱ መስመር በትእዛዝ ግስ ይጨረስ፦ ያገላብጡኝ፣ ይንገሩኝ፣ አይጎትቱኝ። ከ5 መስመር አይብለጥ። ወረቀቱን የሚያነቡት መርፌ ይዘው ቆመው ነውና 12 መስመር ከሆነ ማንም አይጨርሰውም፤ ሕይወት የሚያድነው መስመር ደግሞ 9ኛው ላይ ተደብቆ ሊቀር ይችላል። አደጋ ያለበትን ከላይ፣ ምቾትን ከታች ያድርጉ።

ቋንቋው ዋርዱ ውስጥ የሚነገረው ይሁን። አዳማ ወይም ጅማ የሚተኛ ሰው በአፋን ኦሮሞም፣ መቀሌ የሚተኛ በትግርኛም ያጽፍ። የመድኃኒት ስም ግን ከካርቶኑ ላይ ፊደል በፊደል ይገልበጥ።

2. ወረቀቱ ይህን ይመስላል

የአከርካሪ ጉዳት ላለበት ሰው የተዘጋጀ ነው፤ የራስዎን በዚሁ ልክ ይቁረጡ፦

> ስም፦ ……… የካርድ ቁጥር፦ ………
> ከደረቴ በታች አይሰማኝም፣ እግሬ አይንቀሳቀስም። አእምሮዬም አንደበቴም ደህና ነው፤ ጥያቄውን ለእኔ ያቅርቡልኝ።
> 1. ድንገት ራሴን ካመመኝ፣ ፊቴ ከቀላና ካላበኝ፦ ቀና አድርገው ያስቀምጡኝ፤ የሽንት ቱቦው ታጥፎ እንደሆነ ይዩ፤ ግፊቴን ይለኩ። የወትሮ ግፊቴ 100/60 ነው።
> 2. በየ2 ሰዓቱ ያገላብጡኝ።
> 3. ትኩስ ነገር እግሬ ላይ አያድርጉ፤ ሲያቃጥለኝ አይሰማኝም።
> 4. ሲያነሱኝ ሁለት ሰው ይሁን፤ እጄን ይዘው አይጎትቱኝ።
> 5. ዊልቸሬ ከአልጋዬ በስተቀኝ ይቁም።
> አለርጂ፦ የላቴክስ ጓንት
> አስታማሚ፦ ስምና ስልክ

የመጀመሪያው መስመር የተቀደመው በምክንያት ነው። ጉዳቱ ከደረት አጋማሽ (ሐኪሞች ቲ6 ከሚሉት) ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ፊኛው ሲሞላ፣ ቱቦው ሲታጠፍ ወይም ሆድ ድርቀት ሲይዘው ግፊቱ በደቂቃዎች ውስጥ ሊያሻቅብ ይችላል። የወትሮ ግፊቱ ዝቅ ያለ ስለሆነ 140 ለሌላው ብዙ የማያስደነግጥ ቁጥር ቢሆንም ለእሱ አደጋ ነው። የወትሮ ቁጥሩ ካልተጻፈ ይህን ማንም አያውቅለትም። ግፊቱ ከፍ ብሎ ካገኙት አስተኝተው እንዳይተዉት፤ መተኛት ያባብሰዋል።

ማስጠንቀቂያ፦ የአልጋ ራስጌ ወረቀት ጠያቂ ሁሉ ያነበዋል። ኤችአይቪን፣ የአእምሮ ሕመምን ወይም ሌላ ሰው እንዲያውቀው የማይፈልጉትን ነገር እዚያ ላይ አይጻፉ። ለሐኪሙ ግን ሁለታችሁ ብቻ ሆናችሁ ይንገሩት፤ ለምሳሌ የቲቢው ሪፋምፒሲን የፀረ-ኤችአይቪ መድኃኒቶችን ጨምሮ ከብዙ መድኃኒት ጋር ስለሚጋጭ፣ የደበቁት መድኃኒት የሚታዘዝልዎትን ያበላሸዋል።

3. እንደ ጉዳቱ ዓይነት የማይረሱ መስመሮች

*የማይሰማ ሰው።* ብዙ ጊዜ የሚረሳው ካኑላ (መድኃኒት እንዲሰጥበት ደም ሥር ውስጥ የሚተከለው ቀጭን ቱቦ) ነው። በምልክት ቋንቋ የሚናገር ሰው ቀኝ እጁ ላይ ካኑላ ተተክሎ ከታሰረ አፉ የተዘጋ ያህል ነው። «ካኑላው በግራ ክንዴ ይሁን፤ በቀኝ እጄ ነው የምናገረው» ብለው ይጻፉ። ሁለተኛው ወረፋ ነው፦ ስም ሲጠራ አይሰማምና ተራው ያልፈዋል። ስም ለሚጠራው ሰው ካርድ ቁጥርዎን አሳይተው በሩ ፊት ለፊት ይቀመጡ፤ «በእጅዎ ይጥሩኝ» ይበሉት። ሌሊት የሚመጣ ሰው ከመንካቱ በፊት በባትሪ ብርሃን ግድግዳው ላይ ያብራ። ማንበብ መቻልና አለመቻልም ይጻፍ፤ የምልክት ቋንቋ የራሱ ሰዋስው ስላለው አማርኛ ጽሑፍ የማይገባቸው መስማት የተሳናቸው ሰዎች አሉ። ጭንቅላት መነቅነቅን «ገብቶኛል» ብለው እንዳይወስዱት ማሳሰብም ጥሩ ነው። ጭንቅላቱ ውስጥ የተተከለ የመስሚያ መሣሪያ ካለው በቀይ ይጻፍ፤ ኤምአርአይም ሆነ በኦፕራሲዮን ጊዜ ደም ማቆሚያ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ሊጎዱት ይችላሉ።

*የማያይ ሰው።* «ሲገቡ ስምዎንና ሥራዎን ይንገሩኝ፤ ሲወጡም ይንገሩኝ። መርፌ ከመውጋትዎ በፊት ይንገሩኝ። ክንድዎን ልያዝ እንጂ አይግፉኝ።» ውሃ፣ ስልክና ነጭ ዱላ ያሉበት ቦታ አይቀየር፤ የጽዳት ሠራተኛዋም ይህን ትወቅ፣ ዱላውን አልጋ ሥር የምትከተው ብዙ ጊዜ እሷ ናትና። የመድኃኒት ጠርሙስ ላይ የገንዘብ ላስቲክ ይጠምጠም፦ አንድ ላስቲክ የጠዋት፣ ሁለት ላስቲክ የማታ።

*ከስትሮክ በኋላ መናገር ያቃተው።* አዎ ወይም አይ ተብሎ የሚመለስ ጥያቄ ይጠየቅ፤ ከጥያቄው በኋላ 10 ሰከንድ ይጠበቅ። ሰው ዝምታውን መቋቋም ስለማይችል ጥያቄውን በሌላ ቃል ይደግመዋል፤ በሽተኛው ያን ጊዜ ከዜሮ ይጀምራል። በካርቶን ላይ ስድስት ሥዕል (ውሃ፣ ሽንት፣ ሕመም፣ ብርድ፣ አገላብጡኝ፣ ቤተሰብ) ቢሥሉለት በጣቱ ያመለክታል። የደከመው ክንዱ ተይዞ አይጎተት፤ ትከሻው ይወልቃል።

እዚህ ላይ ቤተሰብ የሚያደርሰው ጉዳት አለ። አጥሚት ይመጣል፣ በሽተኛው ጋደም እንዳለ በማንኪያ ይሰጠዋል። ሲውጥ የሚያስለው ወይም ድምፁ ውሃ የያዘ የሚመስል ከሆነ ምግቡ ወደ ሳንባው እየገባ ሊሆን ይችላልና ለነርሷ ሳይነግሩ ምንም አይስጡት። መብላት ከተፈቀደለትም ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ነው፤ ከበላ በኋላም 30 ደቂቃ ያህል ሳይተኛ ይቆይ።

*የአእምሮ እድገት ውስንነት ወይም ኦቲዝም ያለበት።* ሲያመው የሚያሳየውን ይጻፉ፦ ጆሮውን ይመታል፣ ዝም ይላል፣ ምግብ ይገፋል። ይህ ካልተጻፈ ሕመሙ እንደ «ጠባዩ» ተቆጥሮ ይታለፋል።

*የማይታዩ ችግሮች።* የሚጥል በሽታ ያለበት መድኃኒቱ አንድ ጊዜም እንዳይዘለል፤ ለኦፕራሲዮን በባዶ ሆድ በሚቆይበት ጠዋት እንዴት እንደሚወስደው አስቀድሞ ማደንዘዣ ሰጪውን ይጠይቅ። ፓርኪንሰን ያለበት ሰው መድኃኒቱ በሰዓቱ ካልተሰጠው ይደርቃል፤ ለማቅለሽለሽ የሚታዘዘው ሜቶክሎፕራማይድ (ፕላሲል) ደግሞ ያብስበታል፤ «አይሰጠኝ» ተብሎ ይጻፍ። ለኩላሊት እጥበት ፊስቱላ (በኦፕራሲዮን የተገጣጠመ ደም ሥር) የተሠራበት ክንድ ላይ ደም አይቀዳም፣ ግፊት አይለካም፣ ካኑላ አይተከልም። ወረቀቱ ላይ ጽፈው ክንዱ ላይም በማርከር «ፊስቱላ» ይበሉበት።

4. ከመተኛትዎ በፊት

ቀጠሮ ሲያዝልዎ ለሊያዞን ክፍሉ (አልጋ ለሚያስይዘው ክፍል) ወረቀቱን ያሳዩና ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ከሽንት ቤት የቀረበ አልጋ ይኖራል ወይ? አስታማሚ ሌሊት ማደር ይችላል ወይ? ዋርዱ ፎቅ ላይ ከሆነ ሊፍቱ ይሠራል ወይ? ሦስተኛውን ሊፍቱ ድረስ ሄደው በዓይንዎ ያረጋግጡ።

የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ የሚፈልጉ ከሆነ አሁን ይጠይቁ። ሆስፒታሉ ከሌለው ከመስማት የተሳናቸው ማኅበር ጋር ተነጋግረው ለሦስት አጋጣሚዎች ብቻ እንኳ ይያዙ፦ የኦፕራሲዮን ፈቃድ ሲፈረም፣ ከማደንዘዣ ሰጪው ጋር ሲነጋገሩና ከሆስፒታል ሲወጡ። ቀሪውን ደብተሩ ይሸፍነዋል።

ቀን ሲጽፉ የኢትዮጵያንም የፈረንጁንም ያድርጉ።

5. በገቡበት ቀን

ተረኛዋን ነርስ ሥራ ሳይበዛባት ያግኟትና ወረቀቱን ከቻርቱ ፊት እንድታያይዘው ይጠይቋት፤ እርስዎ ራስዎ ቻርት አይክፈቱ። ከዚያ አንዱን መስመር ብቻ በቃል ይንገሯት፣ የመጀመሪያውን። «ሲስተር፣ ሌላውን ጊዜ ሲኖርሽ ታነቢዋለሽ፤ ይቺ አንደኛዋ ግን አደጋ አላት» ማለት ይበቃል።

ሁለተኛውን ቅጂ ከራስጌዎ በላይ በዓይን ከፍታ ይለጥፉ። ፈረቃ ሲለወጥ አስታማሚው አዲሷን ነርስ ሰላም ብሎ በጣቱ ወረቀቱን ያሳያት። ግማሽ ደቂቃ ነው የሚፈጀው፤ በየፈረቃው ግን ካልተደገመ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው።

ማስተማሪያ ሆስፒታል ከሆነ በቀን አምስት ስድስት ነጭ ጋውን ሊመጣ ይችላል፤ ሁሉንም «ዶክተር» እንላለን። ተማሪ ነው? ኢንተርን (ሊመረቅ የተቃረበ ተለማማጅ)? ሬዚደንት (ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማር ሐኪም)? ስሙንና ሥራውን ይጠይቁ፣ ደብተሩ ላይም ይጻፉ። በኋላ «አንድ ዶክተር ፈቅዶልኝ ነበር» ማለት የትም አያደርስም።

6. ራውንድ ላይ መናገር

ራውንድ ሐኪሞች ከአልጋ አልጋ እየዞሩ በሽተኞችን የሚያዩበት ጊዜ ነው። ሐኪሙ «እንዴት አደሩ?» ሲል አፋችን የለመደው «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። ለእኛ ሰላምታ ነው፤ ቻርቱ ላይ ግን «ቅሬታ የለውም» ተብሎ ሊገባ ይችላል። አመስግነው ወዲያው ይቀጥሉ፦ «እግዚአብሔር ይመስገን። ግን ሌሊቱን አልተኛሁም፣ ቁስሉ ይጠዘጥዘኛል።» ሦስት ነጥብ ከዋዜማው ደብተሩ ላይ ተጽፎ ይደር፤ ራውንድ ከአልጋ አልጋ በደቂቃዎች ያልፋል።

የበሽታ ስም አይስጡ፤ ቦታውንና ስሜቱን ይንገሩ። «ኩላሊቴን አመመኝ» የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ ወገቡን ነው የሚያሳየው። «ልቤን» ሲባል አንዱ ደረቱን ማለቱ ነው፣ ሌላው ከእምብርቱ በላይ ያለውን። «ብርድ መታኝ» ጡንቻም፣ ሳልም፣ ፊት መጣመምም ሊሆን ይችላል። ጣትዎን ቦታው ላይ ያሳርፉና ይወጋል፣ ያቃጥላል፣ ይጠዘጥዛል፣ ይቆርጣል ይበሉ፤ መቼ እንደጀመረና ምን እንደሚያብሰው ይጨምሩ።

ሕመሙን ከ0 እስከ 10 በቁጥር ይግለጹ፤ 0 ምንም፣ 10 ከዚህ የባሰ የማይታሰብ። ቁጥሩን ካደረጉት ነገር ጋር ያያይዙት፦ «ስተኛ 3፣ ሳስል 8።» ጀግንነት ብሎ 8ን 3 ማለት ጉዳት አለው፤ ሕመም ፈርቶ የማያስልና በደንብ የማይተነፍስ የኦፕራሲዮን ሰው ሳንባው ይታመቃል።

ሰዓትንም ይጠንቀቁ። ቻርቱ በእንግሊዝኛ ስለሚሞላ ሰዓቱ ብዙ ጊዜ በፈረንጅ ነው። «የሚጥል በሽታ መድኃኒቴን 2 ሰዓት ላይ እወስዳለሁ» ያሉት ሰው በስድስት ሰዓት ሊዛነፍ ይችላል። «ጠዋት 2 ሰዓት፣ በፈረንጅ 8 ሰዓት» ብለው ሁለቱንም ይጻፉ።

ጾም ላይ ከሆኑ ይናገሩ። በተለይ የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው መጾሙን ሳይናገር እንደ ወትሮው ኢንሱሊን ከተሰጠው ስኳሩ ይወርዳል።

7. የአስታማሚው ድርሻ

አስታማሚ አልጋው ራስ ዘንድ ይቁም እንጂ በሐኪሙና በበሽተኛው መካከል አይግባ። ሐኪሙ «ምን ይሰማዋል?» ብሎ አስታማሚውን ከጠየቀ ጥሩው መልስ ወደ በሽተኛው ዞሮ «አባባ፣ ዶክተሩ እየጠየቁዎት ነው» ማለት ነው። ሁለት ጊዜ ከተደረገ ሐኪሙ ራሱ ወደ በሽተኛው መዞር ይጀምራል።

አስታማሚዎች የምትቀያየሩ ከሆነ የተደረገው ሁሉ ከነሰዓቱ ደብተሩ ላይ ይስፈር፦ መቼ ተገላበጠ፣ ስንት ሽንት ወጣ፣ የትኛው መድኃኒት ከውጭ ተገዝቶ መጣ። እህት ለወንድም በስልክ ያስተላለፈችው እንደ ነርሶቹ ርክክብ ሁሉ ይዘነጋል።

8. ፈቃድ ከመፈረምዎ በፊት

ለማያይ ሰው ቅጹ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጮክ ብሎ ይነበብ፤ ለማይሰማ በአስተርጓሚ ይገለጽ። ከዚያ በራስዎ ቃል መልሰው ይንገሩ፦ «የገባኝን ልንገርዎት፣ ካጠፋሁ ያርሙኝ።» አዋቂ ሰው ራሱን ችሎ መወሰን እስከቻለ ድረስ ፊርማው ወይም አሻራው የራሱ ነው፤ ዓይኑ ስላላየ ወይም እግሩ ስላልሄደ ወንድሙ አይፈርምለትም።

ከማደንዘዣ ሰጪው ጋር ሲነጋገሩ መነጽር፣ የማዳመጫ መሣሪያ ወይም ሰው ሠራሽ እግር እስከ መጨረሻው ሰዓት እንዲቆይልዎት፣ ሲነቁም ወዲያው እንዲመለስልዎት ይጠይቁ። ማዳመጫው ያልተመለሰለት ሰው ለጥያቄ ስለማይመልስ ገና እንዳልነቃ ሊቆጠር ይችላል። ዕቃው በስም ተጽፎበት ለአስታማሚ ይሰጥ፤ ትራስ ሥር የተተወ ከአንሶላው ጋር ልብስ ማጠቢያ ይወርዳል።

ማስጠንቀቂያ፦ «ምንም አይቅመሱ» ከተባሉ ጸበልም ይቆጠራል። ጠዋት ጸበል ጠጥተው «ውሃ አልጠጣሁም» የሚሉ ብዙ ናቸው። ሆድ ውስጥ ያለ ፈሳሽ በማደንዘዣ ጊዜ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል፤ ከጠጡ በስንት ሰዓትና ምን ያህል እንደሆነ ይናገሩ፣ የሚደርስብዎ ቢበዛ ወረፋው መዘግየቱ ነው። የባህል መድኃኒት ከወሰዱም እንዲሁ።

9. የተጻፈው ካልተደረገ

ክስ ሳይሆን የወረቀቱን መስመርና ሰዓቱን ይጥቀሱ፦ «ሲስተር፣ በየ2 ሰዓቱ ይገላበጥ የሚል አለ፤ ከ6 ሰዓት ጀምሮ አልተገላበጠም። አሁን አብረን እናገላብጠው?» ብዙውን ጊዜ እዚሁ ያልቃል። ካላለቀ የዋርዱ ኃላፊ ነርስ፣ ቀጥሎ ሜትሮኗ (የሆስፒታሉ ነርሶች ሁሉ ኃላፊ)፣ ከዚያ የሆስፒታሉ ቅሬታ ሰሚ። ቅሬታ ሰሚው ዘንድ ደብተሩን ይዘው ይሂዱ፤ ቀን፣ ሰዓትና የሠራተኛው ሥራ የሌለበትን ቅሬታ መመርመር ያስቸግራል። ሕጋዊ መሠረት ከተጠየቁ፣ ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 25 ስለ ጤና አገልግሎት ነው።

በብዛት የሚታዩ ስህተቶች

- ወረቀቱ ላይ የሕይወት ታሪክ መጻፍ። አደጋው በየት መንገድ እንደደረሰ ለካኑላ አይጠቅምም።
- «አስታማሚዬ ሁሉንም ያውቃል» ብሎ አለመጻፍ። አይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) እና ኦፕራሲዮን ክፍል አብዛኛውን ጊዜ አስታማሚ አይገባም፤ ወረቀቱ ይገባል።
- ዋርድ ሲቀየር የራስጌውን ወረቀት መርሳት። መጠባበቂያው ቅጂ ለዚህ ነው።
- ያረጀ ወረቀት። መድኃኒት በተቀየረ ቁጥር አዲስ ይጻፉ፣ አሮጌውን ይቅደዱ፣ ቀን ያድርጉበት።

ድንገተኛ ከሆነ

ለመጻፍ ጊዜ የለም። ስለዚህ ወረቀቱን አሁኑኑ፣ ደህና ሳሉ ጽፈው ፎቶ ያንሱትና የስልክዎ የተቆለፈ ገጽ ላይ ምስል አድርገው ያስቀምጡት። ስልክ የማይጠቀም ሰው ትንሽ ቅጂ ከመታወቂያው ጋር አጥፎ ይያዝ።

ውጭ አገር ያላችሁ

አሜሪካ ውስጥ የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ሁሉ (አብዛኛው ይቀበላል) አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ቀጠሮ ሲይዙ «አማሪክ ኢንተርፕሪተር» ብለው ያስመዝግቡ፤ በስልክ ወይም በቪዲዮ ያገናኛሉ። ልጅዎን አስተርጓሚ አያድርጉ፤ የ11 ዓመት ልጅ የመድኃኒት መጠን ሲያስተረጉም ይሳሳታል፣ እናቷም ስለ ማኅፀኗ በልጇ ፊት አትናገርም። ከኢትዮጵያ የሄደ መስማት የተሳነው ሰው የሚያውቀው የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ከሆነ የአሜሪካው አስተርጓሚ ላይገባው ይችላልና ይህንኑ ገልጸው ራሱ መስማት የተሳነው የሆነ ተጨማሪ አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ እንዲህ ዓይነት ባለሙያዎች አሉ።